ሰው በአራት ፊደል

መምህርት ፈንታነሽ አካለ ወልድ ከማን ጋር ተጣልታ እንዲህ እንደ ሆነች በውል የሚያውቅ የለም፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግን ንቀቷን ያልቀመሰ ሰው አልነበረም። ቢቸና ከተማ አማርኛ ታስተምራለች። አባቷ የኔታ አካለ ወልድ ስማቸው እስከ ደብረ ኤልያስ የተሰማ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ወንዶቹ ልጆቻቸው መሬቱን ሲካፈሉ እሷ ምላሳቸውን ወረሰች ይባላል። ርእሰ መምህሩ አቶ ገብረ ኪዳን ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገሩ፣ "አንዱን ለሚቀጥለው ስብሰባ ያስቀምጡልን" ያለች ሴት ናት። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እሱም ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

በዚያ ዓመት ታዲያ ንቀቷ የሚጋልብበት ሜዳ አገኘ። "የወይራ ግቢ" የሚባል፣ የአማርኛ ድምፅ የተሰካበት የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ከተማውን ያዘው። ማታ የታየውን መምህራኑ ጠዋት እንደ ዘመድ ነገር ያወሩታል። "ከንፈራቸው ሌላ ይላል፣ ድምፃቸው ሌላ ይላል፤ እናንተ የትኛውን እንደምታምኑ እንኳ አልወሰናችሁም" ትላቸው ነበር ፈንታነሽ። እሷ አንዱንም ክፍል አይታ አታውቅም፤ ባለማየቷም ትኮራለች።

ይህ አልበቃ ብሎ የጂኦግራፊ መምህሩ የኔሰው ለሥልጠና ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ጉድ ይዞ መጣ። የኔሰው ሠላሳ ያልሞላው፣ ፀጉሩን በውኃ ለጥፎ የሚያበጥር፣ ለማመን የተፈጠረ ልጅ ነው። የሰው ጠባይ በአሥራ ስድስት ይከፈላል አለ፤ እያንዳንዱም በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራል፤ ዝምተኛውና ተጫዋቹ፣ በጭንቅላቱ የሚመራውና በልቡ የሚመራው፣ ሁሉም የየራሱ ፊደል አለው። ሳምንት ሳይሞላ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ፊደል ያልወጣለት ሰው ጠፋ። የሚገርመው፣ ሁሉም "ከመቶ ሰው አንድ ብቻ ነው" የሚባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

"ከመቶ አንድ የሚገኘው ሁሉ ቢቸና ተሰብስቦ ሻይ ይጠጣል። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ምን ዋጣቸው?" አለች ፈንታነሽ።

"መምህርት፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው" አለ የኔሰው።

"ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ያለው አገር ሰውን በአራት ፊደል ጨረሰው በለኛ! አባቴ የአንድ ተማሪ ጠባይ እስኪገባቸው ዓመታት ደጃቸው ላይ ያኖሩት ነበር። አንተ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ምሳ በልተህ መጣህ።"

ሰው ሳቀ። የኔሰውም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩን ግን አልተወም። ክርክሩ ከመምህራኑ ወደ ድራማው ሰዎች ዞረ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተ፤ የሞጣ መምህራንም ገቡበት። በሌላው ሁሉ ሲስማሙ በአንዷ ተጣሉ፤ በሱሄይላ። ሱሄይላ የግቢው እመቤት ናት፤ ባሏ ሞቶባት የወይራ ዘይት የሚጨመቅበትን ርስት ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። ቢቸናዎች "ቲ ናት፤ በጭንቅላቷ ብቻ የምትመራ፣ ልብ የሌላት" አሉ። ሞጣዎች "ኤፍ ናት፤ ልቧ ሞልቶ ነው የምትደብቀው" አሉ። አንተ አታውቅም፣ አንተ አታውቅም ተባባሉ። እየዋለ እያደረ ሱሄይላ ተረሳችና አገር ከአገር ይሰዳደብ ጀመር።

በመጨረሻ ሞጣ ላይ የስልክና የቴሌቪዥን ሱቅ ያለው ሳሊህ የሚባል ነጋዴ፣ ሱቁን ለማስተዋወቅም ይሁን ድራማውን ከልቡ ወዶት፣ ነገሩን በአዳራሽ እንጨርሰው አለ። ከሁለቱም ከተማ ሦስት ሦስት መምህራን ይከራከሩ፤ ያሸነፈው ትምህርት ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ይሸለማል። የቢቸናዎቹ ማረፊያ ክፍል ቴሌቪዥን የላይኛው ግማሹ ጠቁሮ ከረመ፤ ዜና አንባቢውን ከአገጭ በታች ብቻ ነው የሚያሳየው። የኔሰው ሽልማቱን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ።

ሊሄዱ የነበሩት እሱ፣ የስፖርት መምህሩ እዮብና የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰሎሜ ነበሩ። ቀኑ ሲደርስ ሰሎሜ ልጇ ታመመባት። የኔሰው እንደ ተላከ ሽማግሌ እጁን አጣምሮ ፈንታነሽ ፊት ቆመ።

"እንዲያው መምህርት፣ እርስዎ ቢሄዱልን..."

"እኔ? ለሱሄይላ?"

"ሞጣዎች ግሩፑ ላይ የጻፉትን ቢያዩት! 'ቢቸና ቅኔው ካለቀባት ቆየ፤ አሁን አፍ ያለው ሰው የላትም' ነው የሚሉ።"

ይህን እሱ ፈጥሮት ይሁን እነሱ ጽፈውት እስከ ዛሬ አልተጣራም። ፈንታነሽ ግን የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሱሄይላን ትንቃለች፣ ፊደሉን ትንቃለች፣ የኔሰውንም ትንቃለች፤ በአባቷ ሙያ የመጣባትን ግን መናቅ አይበቃትም፣ ማዋረድ አለባት።

"እሄዳለሁ" አለች። "ያን ዝባዝንኬ ግን አንድ ደቂቃም አላይ። መንገድ ላይ ትነግረኛለህ።"

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተነሡ። መንገዱ ሰላም ነው ስለ ተባለ ተሳፋሪው በዝቶ፣ ረጅሙ እዮብ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ተቀመጠ። የኔሰው ከፈንታነሽ ጎን ሆኖ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ግንደ ወይን የሱሄይላን ታሪክ ተረከላት። የባሏን ወንድም ከግቢ ማባረሯን፣ ልጇ ለትምህርት በመርከብ ሲሄድ ወደብ ድረስ አለመሸኘቷን፣ አንድም ቀን ስቃ አለማወቋን።

"ባሏ የሞተ ዕለትስ?" አለች ፈንታነሽ፣ ለወጉ ያህል።

"እሱን እንኳ አላየነውም። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶብን አልነበር?"

"ወይ ሳይንስ!" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ሞጣ ሲደርሱ አዳራሹ ከጠበቁት በላይ ሞልቷል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዙሁር ሶላት በኋላ ስለ ነበር ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል፤ ተማሪዎች መስኮት ላይ ተሰቅለዋል። ሳሊህ ሙሉ ልብስ ለብሶ መድረኩን ይመራል። ቴሌቪዥኑ ከነካርቶኑ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል፤ የኔሰው ዓይኑን ሊነቅልለት አልቻለም። ከሞጣ ወገን ሁለት ወንዶችና ጁማና የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ተቀምጠዋል። ጁማና ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ የምትይዝ ቀጭን ወጣት ናት። ፈንታነሽ አየቻትና፣ "ለዚች ብዬ ነው ይህን ሁሉ አቧራ የጠጣሁት?" አለች በልቧ።

ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

"የተከበራችሁ የሞጣ ሰዎች፣ ሱሄይላ ልብ አላት አላችሁ። ልጇ ባሕር ሊሻገር ሲነሣ ወደብ ያልወረደች እናት ልቧን የት አስቀምጣው ነው? ከወይራው ጋር ጨመቀችው?" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ልቧ ውስጥ አለ፣ አይታይም እንጂ ብላችኋል። እንዲያ ከሆነ እኔም በውስጤ የሞጣ ከንቲባ ነኝ፤ አይታይም እንጂ!"

ከሞጣዎቹ ወንዶች አንዱ መልሱን ከስልኩ ላይ እያነበበ ሊሰጥ ሲሞክር፣ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ባትሪው ካለቀ ሐሳብህም ያልቃል" አለችው። ልጁ ተቀመጠ። ሁለተኛው ደግሞ ጀምሮ ሳይጨርስ በሳቅ ተዋጠ። የገዛ ከተማቸውን ልጆች ስታዋርድባቸው ሞጣዎቹ ራሳቸው አጨበጨቡላት። እሷም ጭብጨባውን ስትሰማ ሰዎቹን ይበልጥ ናቀቻቸው፤ ለሚሰድባቸው የሚያጨበጭቡ! የኔሰው በደስታ ጉልበቱን ይመታል። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ጁማና ተነሣች።

"መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቀብሩን ክፍል እንዴት አዩት?"

ፈንታነሽ ቃል አጥሯት አያውቅም ነበር። "እንደ ሰው ሁሉ" አለች።

ልጅቷ ገብቷታል፤ ግን አላጋለጠቻትም። ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረች። "ላላየ ልንገር። ባሏ ሲቀበር ሴቶቹ ሁሉ ይጮኻሉ፣ ራሳቸውን ይጥላሉ። ሱሄይላ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። አማቷን በክንዷ ደግፋ ቆማለች። ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ውኃ አቀረበች። ለለቀስተኛው ዳቦው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። ከኋላዋ ሰው ያንሾካሹካል፤ ትሰማቸዋለች፤ አልዞረችም። እነ መምህርት ይህን ስናነሣ እናሸንፋለን ብለው ሳይሆን አይቀርም ለመጨረሻ ያቆዩት። እኔ ግን ያን ቀን..."

አላስጨረሷትም። የኔሰው ታሪኩን ገና አሁን መስማቱ ነው፤ የወርቅ ድንጋይ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ዘሎ ማይክራፎኑን ያዘ።

"ይኸው! ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ባሏን ቀብራ ያላለቀሰች ሴት ምን ልብ አላት? በእኛ አገር እንዲህ ያለችዋ ሰው ትባላለች? ከድንጋይ የተጠረበች ቲ!"

"እውነት ነው!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ፈንታነሽ ወንበሯ ላይ እንዳለች ቀረች። የኔታ አካለ ወልድ ያረፉት ካቻምና በፍልሰታ ነበር። ለገናዦቹ ውኃውን ያቀረበች እሷ ናት። ከደብረ ኤልያስና ከዲማ የመጡትን ሊቃውንት ተቀብላ ማረፊያ የሰጠች፣ ድንኳኑን ያስተከለች፣ እናቷ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ የደገፈች እሷ ናት። ወንድሞቿ መሬት ላይ ሲንከባለሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰበች ታነሣ ነበር። እንባው እንዲመጣ ጠበቀችው፤ አልመጣም። በሠልስቱም ጠበቀችው፤ አልመጣም። "የተማረች ናት፤ ደርቃለች" ሲሉ ሰማች። "ለአባቷ ያላለቀሰች ለማን ልታለቅስ ነው?" ሲሉም ሰማች። መልስ አልሰጠችም። ከዚያ ወዲህ ግን ለሌላው ነገር ሁሉ መልስ መስጠት አላቆመችም።

ተነሥታ ማይክራፎኑን ከየኔሰው እጅ ወሰደች።

"አንተ ልጅ፣ ቀብሩን አይተኸዋል?"

"መምህርት፣ እሱ እኮ..."

"አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

"አላየሁትም። መብራት..."

አዳራሹ አጉረመረመ።

"እኔም አላየሁትም" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ቀብሩን ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ድራማ አንዲት ቅንጣት አላየሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የዋልኩት። እናንተም አጨበጨባችሁልኝ። አታፍሩም?"

መሳቅ የጀመሩት ግማሽ ላይ ተዉት።

"ቀብር ግን አውቃለሁ። አባቴን ቀብሬያለሁ። አላለቀስኩም። ሁሉ ካለቀሰ ውኃውን ማን ይቀዳል? የወደቀውን ማን ያነሣል? እናንተ ደረታችሁን ስትደቁ ውላችሁ ድንኳን የገባችሁ ጊዜ የበላችሁትን ማን አቀረበው? ያች ደረቋ አይደለችም? በላችሁ፣ ጠጣችሁ፣ ነፍስ ይማር አላችሁ፤ ከበር ስትወጡ ደግሞ ልቧ ድንጋይ ነው አላችሁ። አሁን ዘመን መጣና ድንጋይ ማለት ቀርቶ ቲ ሆነ። ሐሜታችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለ ጻፋችሁት እውቀት የሆነ መሰላችሁ!"

ትንፋሿን ሰበሰበች።

"ሱሄይላን ተዉአት። እሷ የጻፉላትን ትላለች፤ ምንም ብትሏት አይቆረቁራትም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን ይሰማል። ይህን ለማወቅ ሥልጠና የሚያስፈልገው ሰው ካለ እግዜር ይሁነው።"

ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያጨበጨበ የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሳሊህ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ... ይቅርታ መምህርት፣ ይህ ንግግር ለየትኛው ወገን ይያዝ?"

"ለሞጣ ያዘው ባክህ" አለ እዮብ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

ለሞጣ ተያዘ። ቀዩ ጥብጣብ ተቆረጠ፤ ሞጣዎች ቴሌቪዥኑን ተሸክመው እየዘፈኑ ወጡ።

ጁማና መናኸሪያ ድረስ ተከትላት መጣች። ሮጣ ስለ ነበር ታለከልካለች።

"እትዬ፣ እኔ... አባትዎ... አላህ ይዘንላቸው።"

"አሜን" አለች ፈንታነሽ። "አንቺ ለምን አላጋለጥሽኝም? አለማየቴን አውቀሻል።"

"ታላቄ ነዎት። እንዴት ሰው ፊት?" ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ቀጥላም እየፈራች፣ "አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ሱሄይላ ታለቅሳለች። ገና እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ" አለች።

"ለባሏ?"

"ለፈረሷ። ፈረሷ ሲሞትባት።"

"ለፈረስ!" ፈንታነሽ ሰማዩን አየች። "እኔ አባቴን አደባባይ ያወጣሁት ለፈረስ ለምታለቅስ ሴት ነው?"

ጁማና ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። ፈንታነሽ አየቻትና እሷ ቀድማ ሳቀች፤ እዮብ በሕይወቱ መምህርት ስትስቅ ያየው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ እስከ አሁን ይምላል።

በመመለሻው መንገድ የኔሰው ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ አልተነፈሰም። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲወርድ ግን አልቻለም።

"እጃችን የገባ ነገር ነበር። በእጃችን! እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት?"

"አንተ አይደለህ የምታውቀው? ከአሥራ ስድስቱ ፈልግልኛ።"

"እኔ እኮ እርስዎን ማለቴ አልነበረም። ስለ አባትዎ ቀብር አላውቅም ነበር።"

"አታውቅም። መች ጠየቅህ?" አለችው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ስለታም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢቸና እስኪገቡ አልነካችውም።

ሰኞ ዕለት መምህራኑ ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቋት። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። አቶ ገብረ ኪዳን ቢሮ አስጠርተዋት፣ የትምህርት ቤቱን ስም ስለ መጠበቅ ነገሯት፤ ደግመው ነገሯት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዝም ብላ ሰማች። የኔሰው ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ከዚያ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ብርጭቆውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠና፣ የፊደሉን ነገር ሳያነሣ፣ የኔታ በምን ታመው እንደ ሞቱ ጠየቃት። ነገረችው። ደወሉ እስኪደወል ነገረችው። ሲነሣ ግን፣ "ፀጉርህን በውኃ መለጠፉን ተው፤ ጥጃ የላሰህ ትመስላለህ" አለችው።

ወሬ አይደበቅምና ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እናቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም ጆሮ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ሞጣ ድረስ ሄደሽ ስለ አባትሽ ቀብር ተናገርሽ አሉ" አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ያልነገረኝ ማን አለ? አላለቀስኩም ብለሽ በማይክራፎን ተናገርሽ አሉ።"

ፈንታነሽ ጠጠር ለቅማ ወረወረች። ይህን ጥያቄ ካቻምና ጀምሮ ተሸክማው ነበር፤ እናቷን ግን ፈራች። ዓለሙን የምትንቅ ሴት እናቷን ፈራች።

"እማዬ፣ ያን ጊዜ ቅር ብሎሽ ነበር?"

ወይዘሮ ባንቺዓለም ቀና አሉ። "ምን ነካሽ ልጄ? አንቺም ብታለቅሽ ኖሮ እኔን ማን ይይዘኝ ነበር? እኔ እኮ እንደዚያ የጮኽኩ አንቺ አለሽ ብዬ ነው።" ምስሩን ትንሽ አንገዋለሉ። "አሁንስ? አሁን ማን ከለከለሽ?"

"እንዴ! የፈረንጅ ድራማ ሰበብ ሆኖኝ ላለቅስ? ደኅና አይደለሽም?" አለችና ሰፌዱን ከእናቷ ጭን ላይ ነጥቃ ብድግ አለች።

ምስሩን ላጥበው ብላ ጓዳ ገባች። ቆየች። ምስር ማጠብ ያን ያህል አያስቆይም። ወይዘሮ ባንቺዓለም በሩን አንድ ጊዜ አዩት፤ ልነሣ ብለው ተንቀሳቀሱና ተዉት። የምታልፍ ጎረቤት ፈንታነሽ የት አለች ብትላቸው፣ "ሥራ ላይ ናት፤ አትረብሿት" አሉ።